ከስፖንጁ ሥር

ያቺ መኪና ስትመጣ አትሰማም። ሌላው መኪና ገና ከመታጠፊያው ወዲያ ሳለ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ይሰማል፤ ጎሚስቷም ዞር ብላ ሳታይ «የዚህ የፊት ጎማው አልቋል፤ የዚያኛው ነፋስ ጎድሎታል» ትላለች፤ ተሳስታ አታውቅም። ያቺ ጥቁር መኪና ግን እንደ ድመት ናት። ጎንበስ ብሎ ቡሎን ሲያጠብቅ የቆየ ሰው ቀና ሲል ከበሩ ፊት ለፊት ቆማ ያገኛታል።

ዛሬም ያው ሆነ። ጎሚስቷ ረፋዱ ላይ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ገጥማ ጨርሳ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች ዞር ስትል መኪናዋ ቆማለች። ልቧ ድንግጥ አለ። ደስታ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ግን ትናንት ባለመኪናውና እናቱ ሐኪም ወዳለበት ከተማ ሲወርዱ በዚሁ በር ሳይቆሙ አልፈዋል። ያዩት አባቷ ናቸው። «ዝምተኛዋ አለፈች» አሏት ምሳ እየበሉ፤ እሷም ሳህኗን አንሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ትናንት ሳይቆም ያለፈ ሰው ዛሬ ምን ሊል ይቆማል?

ዝምተኛዋ የሚለውን ስም ለመኪናዋ ያወጡት እሳቸው ናቸው። የሚነዳትን ሰው ደግሞ ዝምተኛው ይሉታል። አርባ ዓመት ሙሉ ጎማ ሲደበድቡ፣ ኮምፕሬሰር አጠገብ ሲውሉ ኖረው፣ አሁን ወገባቸውም ጆሯቸውም እምቢ ብሏቸው፣ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር ላይ በሩ ጋ ተቀምጠው ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ስም ያወጣሉ። ልጃቸውንም አልማሩም። መኪና ማንሻውን ክሪክ እንደምንለው እሷን «ክሪኬ» ይሏታል፤ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የምታነሣቸው እሷ ናትና።

ዝምተኛው መሪ ጨበጠ እንጂ ተቀጣሪ ሹፌር አይደለም። እናቱ የሦስት ትልልቅ መጋዘኖች ባለቤት ናቸው፤ እሱ ሥራ አስኪያጃቸው ነው። ነጭ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰው ሲያናግር ጫማውን ጫማውን የሚያይ ረጅም ሰው። እናቱ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ጆሯቸውን በሻሽ ጠቅልለው ይቀመጣሉ። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው አያውቁም። ጎሚስቷ በመስታወቱ ውስጥ እጅ ስትነሣ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ትውውቃቸው ይኸው ነው። እሷም ከዚያ መስታወት ፊት ስትቆም እጇን ወደ ኋላ ትደብቃለች። እስከ ጥፍሯ ድረስ ጥቁር ነው፤ ቢታጠብም አይለቅም።

«ደህና አደርሽ?» አለ ዝምተኛው።

«ደህና። ምን ሆነ ደግሞ?»

«የኋላ ቀኝ ነው። የጎማው ማስጠንቀቂያ መብራት እዚህ ታች ከማደያው እንደወጣን በራ።»

«ሁሌ የኋላ ቀኝ።»

«ሁሌ» አለ። ከዚያ ለጫማው የሚነግር ይመስል፣ «ሐኪሙ እማዬን ጨርሰናል ብሎ አሰናበተን። ከእንግዲህ በየወሩ መመላለስ የለም» አለ።

«እንኳን ለዚህ አበቃቸው» አለች። አፏ ነው እንጂ እሷ አይደለችም ያለችው። ይሄ መንገድ ከዛሬ ወዲያ ለእሱ መንገድ አይደለም ማለት ነው። በሰባት ወር ያልተባለው ነገር ይሄ ጎማ ተሠርቶ እስኪያልቅ ካልተባለ ሳይባል ይቀራል። ክሪኩን ልታመጣ ዞር ስትል እግሯ የገዛ ሳጥኗን መታው።

የሰባት ወሩ ነገር እንዲህ ነው። የእናቱ ሕመም የጆሮ ነው። ድምፅ ሲበዛ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ በተለይ ያ የረጅም መንገድ የጎማ ጉርምርምታ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ፣ ሲያንገላታቸው ይውላል። ልጁ ጠይቆ አጠያይቆ ድምፅ የሚያፍን ጎማ አስመጣ፤ ሆዱ ውስጥ ዙሪያውን ስፖንጅ የተለጠፈበት። ጸጥታውስ ጸጥታ ነው፤ ጉዱ ሲበሳ ነው። መኪናዋ ተጠባባቂ ጎማ የላትም፤ በምትኩ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ አለ። መጀመሪያ የተበሳ ቀን ዝምተኛው እንደ መመሪያው ፈሳሹን ሞላ፤ ስፖንጁ እንዳለ ጠጣው፤ ቀዳዳው ጋ የደረሰ ጠብታ የለም። በጭነት መኪና ተጎትተው ነው እዚህ በር የደረሱት። ጎሚስቷ ጎማውን ከፍታ ውስጡን ብታይ ስፖንጁ ወተት እንደተደፋበት ሆኗል። «ይሄ ጎማ ነው ፍራሽ?» አለች። ዝምተኛው ሳቀ። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ይስቃል ብላ አላሰበችም ነበርና እሷም ሳቀች። ነገሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ራሷ እያየች ተማረችው። ቀዳዳው ካለበት ላይ ስፖንጁን በመዳፍ ልክ ቆርጣ ታነሣለች፣ ላስቲኩን ትፍቃለች፣ ከውስጥ ትለጥፋለች፣ ቁራጯን መልሳ በማስቲሽ ታጣብቃለች። ባልተበሳበት ወር ደግሞ እሱ «ነፋሱን ለኪልኝ» ብሎ ይቆማል። የነፋሱ ልክ ከመሪው ፊት ለፊት በቁጥር እንደሚታይ እሷ ታውቃለች፤ እሱም ማወቋን ያውቃል፤ ሁለቱም ትንፍሽ አይሉም። እሷ አራቱንም ጎማ ቀስ ብላ ትለካለች፤ እሱ አጠገቧ ቁጢጥ ይላል። የዚያን ቀን ሥራ አያደክማትም።

አሁን አንድ የሙያ ነገር መናገር ግድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ጎሚስቶች ጎማ ከፍተው ሲሠሩ፣ ከመዝጋታቸው በፊት ሆዱ ውስጥ በጠመኔ ቀኑንና አንድ ሁለት ቃል ይጽፋሉ። «እዚህ ጋ ሳስቷል»፣ «ሌላ ልጥፍ አይችልም»፣ እንዲህ ያለ። የሚጻፈው ቀጥሎ ለሚከፍተው ጎሚስታ ነው። የጎማ ሆድ ከጎሚስታ በቀር የሚያየው የለም። አባቷ በልጅነቷ ያስተማሯት ይሄን ነው፤ ሳትጽፍ የዘጋችው ጎማ የለም።

ባለፈው ወር ግን ሌላ ነገር ጻፈች። ዝምተኛው እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲሄድ፣ ልቧ ሞልቶባት ነበርና፣ ከስፖንጁ ቁራጭ ሥር በቢጫ ጠመኔ «በየወሩ መምጣትህን እጠብቃለሁ» ብላ ጻፈች። ማን ያየኛል ብላ ነው። ያንን ጎማ የምትከፍተው እሷው፣ የምትዘጋው እሷው። ወዲያው ኮቴውን ስትሰማ ደንግጣ ማስቲሹ ሳይደርቅ ቁራጯን ለጥፋ ዘጋችው። ከዚያ ወር ሙሉ ያ ጽሑፍ ከእሱ ጋር ሲዞር ይታያትና ብቻዋን ፈገግ ትላለች። አባቷ «ምን አገኘሽ?» ሲሏት «ምንም» ትላቸዋለች።

አሁን ጎማውን አውልቃ አገላብጣ ስታይ የበሳውን ወዲያው አገኘችው። ሚስማር ነው። ግን ምን ዓይነት ሚስማር? እንዲህ ራሱ ቢጫ የሆነ፣ ድቡልቡል፣ ለግድግዳ ሥዕል መስቀያ የሚሆን። እንዲህ ያለ ነገር መንገድ ላይ አይወድቅም። ደግሞ መኪና ስትሄድ የምታነሣው ሚስማር ዘመም ብሎ ነው የሚገባው፤ ራሱም ከአስፋልት ጋር ሲፋተግ ይበላል። ይሄኛው ቀጥ ብሎ ነው የገባው፤ ራሱ ገና ያበራል። መኪናዋ ቆማ ሳለች ጎማዋ ሥር አቁሞ ያስቀመጠው ሰው አለ፤ ያውም እዚሁ ቅርብ፣ ምናልባት ማደያው ጋ።

ሚስማሩን በፒንሳ ነቅላ መዳፏ ላይ አስቀምጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ዝምተኛውን አየችው። እሱ ግንብ ላይ የተሰቀለ የጎማ ማስታወቂያ የሚያነብ መስሎ ቆሟል። ማስታወቂያው ከተሰቀለ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ደብዝዞ የሚነበብ ነገር የለውም።

ገባት። ሙቀት ከእግሯ ጀምሮ እስከ ጆሮዋ ወጣ። ይሄ አፉን መክፈት የሚፈራ ሰው፣ የመጨረሻዋን ቀን እንዳያልፋት ብሎ የገዛ ጎማውን በሳ። ሚስማሩን ቱታዋ ኪስ ከተተችው፤ ልትመልስለት አላሰበችም።

ጎማውን ከብረት ቸርኬው አውጥታ ባትሪዋን አብርታ ውስጡን አየች። ያኔ ነው ደስታዋ የተደናገረው። ያቺ ቁራጭ፣ እሷ የለጠፈቻት፣ ዳር ዳሯ ጥቁር ማስቲሽ ነው። የእሷ ማስቲሽ ቢጫ ነው። ሌላ እጅ ከፍቶ ሌላ እጅ ዘግቶታል። ሌላ ጎሚስታ ጋ ወስዶ አስከፍቶታል ማለት ነው። አንብቦታል ማለት ነው። የስፖንጁን ጥግ በቢላዋ ጫፍ ቀስ አድርጋ አነሣችው። ቢጫው ጽሑፏ አለ። ከሥሩ በነጭ ጠመኔ ሌላ ተጽፏል።

«ባለትዳር ነኝ። አትጠብቂኝ።»

ሁለቴ አነበበችው። ባትሪዋን አጠፋች። ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ታዲያ ሚስማሩስ? ባለትዳር ነኝ፣ አትጠብቂኝ ብሎ የጻፈ ሰው ወሩ ሳይሞላ ጎማውን በስቶ በሯ ላይ ምን ይሠራል? ሊያሾፍባት ነው? ሊሰናበት? ወይስ ሚስትም አለችው፣ እሷንም ማየት ይፈልጋል? የትኛው ነው እውነቱ፣ ጠመኔው ወይስ ሚስማሩ? አንዱን ስታምን ሌላው ያፈርስባታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ጎማ ከፍታ ጽሑፍ ያነበበች ሴት፣ በጎማ ሆድ የሚጽፍ ማን እንደሆነ መርሳት አልነበረባትም። ረሳች። ልብ ሲያብጥ ሙያ ይጠፋል።

ጥጉን መልሳ ተጫነችው። ቀዳዳው ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነበርና ሌላ ቁራጭ ቆረጠች፣ ፋቀች፣ ለጠፈች፣ ዘጋች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ እሷ እዚያ አልነበረችም። ዝምተኛው እንደ ወትሮው መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ዛሬ አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«እዚያ ይቀመጡ። ልብስዎ ይቆሽሻል።»

ቀና ብሎ አያት፤ ጫማውን አይደለም፣ እሷን። ከአራት ወር በፊት ነው «አንተ» በይኝ ብሎ ለምኗት፣ አንድ ሳምንት ለብቻዋ ስትለማመደው ከርማ አንተ ያለችው።

«እርስዎ ማን ነው?» አለ።

«እርስዎ ነዎታ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። የደንበኛ ወግ ነው።»

ተነሣ። ሄዶ ያው ማስታወቂያ ፊት ቆመ። አሁን ግን ማንበቡን ማስመሰል ትቷል። ጀርባውን ስታይ አዘነችለት፤ ደግሞ በማዘኗ ራሷን ተቆጣች። የሰው ባል ነው፣ ምን ቤት ነኝ ብላ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች፣ ከሚያስፈልገው በላይ አጠበቀች። ክሪኩን አወረደች። አለቀ። እንባዋ ዓይኗ ጥግ ላይ ግጥም ብሏል፤ እሱ እንዳያያት ወደ አባቷ ሄደች።

«ክሪኬ፣ ምን ሆንሽ?» አሉ አባቷ።

ጎንበስ ብላ በጆሯቸው፣ «ባለትዳር ነው» አለቻቸው።

«ምን?»

«ባለትዳር ነው፣ አባዬ።»

ኮምፕሬሰሩ ጠዋት ሙሉ ሲያንባርቅ ውሎ ልክ በዚያች ደቂቃ ነፋሱ ሞልቶ ቀጥ አለ። ግቢው ጭር አለ። በዚያ ጭርታ ላይ አባቷ፣ ደንቆሮ ሰው እንደሚናገረው በሙሉ ሳንባቸው፣ «ባለትዳር ነው? ዝምተኛው? ማን አለሽ? ሰባት ወር ሙሉ ነፋስ ሲያስለካ የከረመው ሚስት እያለው ነው?» አሉ።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝምተኛው ዞሮ ክው ብሎ ቀረ። እናም በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪናዋ የኋላ ቀኝ መስኮት ቀስ እያለ ወረደ።

«ማን ነው ባለትዳር?» አለ ዝምተኛው።

«አንተ ነሃ» አለች ጎሚስቷ። አንተ እንዳለችው እንኳ አላወቀችም።

«እኔ? ማን ነገረሽ?»

«ራስህ ጽፈህ።»

«የት?»

«ጎማው ውስጥ።»

ጎማውን አየ፣ እሷን አየ፣ እናቱን አየ። «እኔ ጎማ ውስጥ ገብቼ ምን ልጽፍ?»

«ታዲያ ማን ጻፈው?»

«ምኑን?»

«ይሄስ?» አለችና ሚስማሩን ከኪሷ አውጥታ በመዳፏ ዘረጋችለት። «ይሄን ጎማህ ሥር ያስቀመጥከው አንተ አይደለህም? አትጠብቂኝ ካልክ ለምን መጣህ? እኔ የትኛውን ልመን?»

ሚስማሩን አንሥቶ አገላበጠው። ፊቱ ላይ የነበረው ግራ መጋባት የማስመሰል አልነበረም። «ይሄን አይቼው አላውቅም» አለ። «እናቴን ይዤ መንገድ ላይ ጎማ የምበሳ ሰው እመስልሻለሁ?»

«ሚስማሩ የኔ ነው» የሚል ቀጭን ድምፅ ከመኪናው መጣ።

ሁሉም ዞሩ። እናቱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ሁለት እጃቸውን አድርገው ተቀምጠዋል።

«ትናንት ካደርንበት ቤት ግድግዳ ላይ ነቅዬው ነው። ሥዕሉን አልጋው ላይ አስተኝቼው መጣሁ። ማደያው ጋ ውሃ ሊገዛ ሲወርድ ከበሬ ሳልርቅ ጎማው ሥር አቆምኩት።»

«እማዬ» አለ ልጃቸው።

«ዝም በል፤ መናገር የነበረብህ ጊዜ አልፏል» አሉና ወደ ጎሚስቷ ዞሩ። «ነይ ልጄ፣ ጠጋ በዪ፤ ጮክ ብዬ መናገር አልችልም። ይሄ ልጅ አባቱ ከሞተ ወዲህ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም። ይሄን ጎማ ከገዛልኝ በኋላ ደግሞ መኪና ውስጥ ምን የማልሰማው አለ? ትንፋሹን እሰማለሁ። ወደዚህ ስንቃረብ ጉሮሮውን በየደቂቃው ይጠራርጋል። ከዚህ ስንነሣ እስከ ድልድዩ ድረስ ያንጎራጉራል፤ እንደማልሰማ ነው የሚያስበው። ትናንት ግን በርሽ ላይ ሳይቆም አለፈ። ለምን አልቆምክም ብለው፣ ጎማው ደህና ነው፣ በምን ሰበብ ልቁም አለኝ። ጎማው ደህና ከሆነ እንግዲህ ምን ላድርግ? ሰበቡን ሠራሁለት።»

ጎሚስቷ እጇን ወደ ኋላዋ ልትደብቅ ስትል እናቱ ቀደሟት፤ በመስኮቱ አሻግረው ያዙት፣ ከነጥቁረቱ።

«መስኮቱን የማልከፍተው ያንን የምታስጮሁትን ነገር ፈርቼ ነው። ንቃኛለች ብለሽ ነበር?»

ብላ ነበር። እንባዋ ፈሰሰ።

«ሚስት የለውም» አሉ እናቱ። «ሚስት ያለው ሰው እንዲህ አያሳዝንም።»

አባቷ ከወንበራቸው ሆነው፣ «ምን አሉ?» ሲሉ ጮኹ።

«ሚስት የለውም አሉ!» አለች ጎሚስቷ፤ ለአባቷ ስትል እስከ መታጠፊያው በሚሰማ ድምፅ።

ታዲያ ማን ነው የጻፈው? ሚስማሩ ተፈታ፤ ጠመኔው ግን አልተፈታም። ጎሚስቷ ክሪኩን መልሳ አስገባች። ያን ያህል ያጠበቀቻቸውን ቡሎኖች እየተነፈሰች ፈታች፣ ጎማውን አወለቀች፣ ከቸርኬው አወጣችው። ዝምተኛው በነጭ ሸሚዙ ተንበርክኮ ያዘላት።

«ባለፈው ወር ከዚህ እንደወጣን ጎማው ውስጥ ድብ ድብ የሚል ነገር መጣ» አለ ቀስ ብሎ። «እማዬን ራሷን አዞራት። እታች ከተማ አንድ ጎሚስታ ጋ አስከፈትነው። ስፖንጁ ተላቆ ነው አለ። ሥራሽን የነቀፍኩ እንዳይመስልሽ ብዬ አልነገርኩሽም። አሁን ሳስበው ሰውዬው ጎማውን ከፍቶ አየና ለብቻው ሳቀ። ከዚያ መስታወት ፊት ሄዶ ፀጉሩን አስተካከለ። ምን ሆነ ብዬ ነበር።»

ጎሚስቷ በቢላዋ እየገዘገዘች ያን ጊዜ ጥጉን ብቻ ያነሣችውን ቁራጭ በሙሉ ነቀለችው። ከ«አትጠብቂኝ» በታች፣ ጥቁሩ ማስቲሽ ሸፍኖት የነበረ ሌላ መስመር አለ። «ማስቲሹ ሳይደርቅ አትዝጊ። የታችኛው ጎሚስታ።» ቀኑም ተጽፏል፤ እንደ ወጉ።

የሙያ ወግ ነዋ። በጎማ ሆድ የሚጻፍ ሁሉ ለሚቀጥለው ጎሚስታ ነው። ሰውዬው ምን ያድርግ? ከላይኛዋ ጎሚስታ ለእሱ የተጻፈ መስሎት እንደ ጨዋ ሰው መለሰ። አባቷም ነገሩ ተደጋግሞ ሲነገራቸው በመጨረሻ ገባቸውና ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። «የታችኛው? ያ ሸበቶ? ስድስት ልጅ አለው እኮ! ሚስቱ ብትሰማ ጉዱ ይፈላ ነበር!» እናቱም በመስኮቱ ሆነው፣ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንጀታቸው እስኪቆስል ሳቁ።

የማይስቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዝምተኛው ጎማውን ወደ ብርሃን አዙሮ ቢጫውን መስመር እያነበበ ነው። መጀመሪያ ያየው አሁን ነው።

«ይሄኛውስ?» አለ። «ይሄ ለማን ነው የተጻፈው?»

ጎሚስቷ መውጫ አላት። ለሚቀጥለው ጎሚስታ ነው፣ ቀልድ ነው፣ የሙያ ሰላምታ ነው ብትል በመንገዱ ላይ ያለ ጎሚስታ ሁሉ ይመሰክርላታል። ደህና ሁን ትለዋለች፣ መኪናዋ ያለ ድምፅ ትሄዳለች፣ እሷ ቡሎኗን ታጠብቃለች። ሰባት ወር ሙሉ የኖረችው እንዲህ ነው፤ ቃሏን ማንም በማያይበት ለጥፋ። ወደ እጇ አየች። አልደበቀችውም።

«ለአንተ ነው» አለች።

እሱ ከጎማው ቀና ብሎ፣ «ትናንት ቆሜ ነበር» አለ። «ከመታጠፊያው ወዲህ። ጀርባሽን ሰጥተሽ ስትሠሪ አየሁሽ። የምልሽን አሰብኩና ቃል ጠፋኝ። ዛሬም ከማደያው ጀምሮ ሳጠናው መጣሁ፤ አንቺ እርስዎ ስትዪኝ ሁሉም ጠፋኝ።» እጁን ዘረጋ። «ጠመኔውን ስጪኝ። እዚህ ጋ የምችል ይመስለኛል።»

ሰጠችው። ነጭ ሸሚዙን ሳይሰበስብ ክንዱን እስከ ትከሻው ጎማው ውስጥ አስገብቶ ጻፈ። ጽሑፉ ዘገየ፤ ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረበት። ሲወጣ እጅጌው ጥቁር ነበር። እሷ ባትሪዋን አብርታ ጎንበስ አለች። ከሁለቱ ጽሑፎች ሥር፣ «ባለትዳር አይደለሁም። ጠብቂኝ። የሚመጣው ቅዳሜ ያለ ሚስማር እመጣለሁ» ይላል። ቀኑንም ጽፏል።

ጎሚስቷ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየችውም፤ ሁለቱም አብረው መጡ። ሲያልፍላት አፍንጫዋን በክንዷ ጠርጋ የማስቲሹን ጣሳ ከፈተች።

«ሌላ ጎሚስታ ከፍቶ ቢያነበውስ?» አለ ዝምተኛው።

«ያንብበው» አለች።

ማስቲሹን በላስቲኩም በስፖንጁም ዳር ዳር ቀባችና ቁራጯን ከጎን አስቀመጠቻት። ዛሬ አልለጠፈቻትም። መጀመሪያ መድረቅ አለበት፤ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ዝምተኛው አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የእናቱ መስኮት እንደተከፈተ ነው። አባቷ ኮምፕሬሰሩ መልሶ ሳይነሣ አጠፉት። ገና የብዙ ሰዓት መንገድ የቀረው ሰው አለ፤ ማንም ግን ሰዓቱን አላየም።